የማዳም ኤሊዝ የእሁድ ስልክ

የካቲት 9፣ እሁድ

ይህን ደብተር የሰጡኝ እኔና አክስቴ የምንሠራላቸው ሙሴ ናቸው። «አንቺ አትናገሪም፤ እንግዲያው ጻፊ» አሉኝ። ምን ልጻፍ ብላቸው «የሰማሽውን» አሉ።

ዛሬ የሰማሁት ይህ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ማዳም ኤሊዝ ከፈረንሳይ ደወሉ። እንደ ሁልጊዜው ስልኩን ፒያኖው ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፍ አደረግኩና ወጣሁ። ወጣሁ ማለት ከኮሪደሩ መጋረጃ ጀርባ ቆምኩ። ሙሴ ተጫወቱ፣ ማዳም ኤሊዝ እዚያ ሆነው ዘፈኑ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ትንሽም ተሰንጥቋል። ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ መጋረጃውን ጨብጬ እይዛለሁ።

አክስቴ ብዙነሽ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ምን እዚያ ተገትረሻል? ሽንኩርቱን ለማን ትተሽው ነው?» አለችኝ። ሄድኩ። ሽንኩርት ሲከተፍ ማልቀስ ጥሩ ነው፣ ማንም አይጠይቅም።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ሙሴ ዴልፉር ኦፔራ የሚጽፉ ሰው ናቸው። ኦፔራ ማለት ሰዎች በመናገር ፈንታ እየዘፈኑ የሚጣሉበት፣ እየዘፈኑ የሚታረቁበት፣ እየዘፈኑ የሚሞቱበት ቲያትር ነው። «የሚሞት ሰው ያን ሁሉ ትንፋሽ ከየት ያመጣዋል?» ብዬ ጠይቄያቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ጥር ላይ የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ከርመው ነው የወጡት፤ ስለዚህ ሲስቁ እፈራለሁ። ሐኪሙ ልባቸውም ደክሟል፣ ድንጋጤ እንዳያገኛቸው ብሏል።

ለሁለት ዓመት ሙዚቃ ሊያስተምሩ መጥተው አርባ ዓመት ቀሩ። አማርኛቸው እንደኛው ነው። እዚህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሙሴ እያለ ነው የሚጠራቸው። ዓይናቸው አሁን የሚያየው ጥላ ብቻ ነው። ስለዚህ በትልልቅ ወረቀት ላይ በወፍራም ማርከር ይጽፋሉ። እኔ መስመር አሰምርላቸዋለሁ፣ ሲጨርሱ ግድግዳው ላይ በፕላስተር እለጥፈዋለሁ። ስልካቸውንም የምይዘው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ አምሃ ከሲ.ኤም.ሲ ይመጡና ከግድግዳው እያነበቡ ኮምፒውተር ላይ ያስገባሉ። የድሮ ተማሪያቸው ናቸው፤ አሁን ራሳቸው የሙዚቃ አስተማሪ ሆነዋል።

ዘበኛችን ጋሽ ኢዶሳ «ይሄ ሰውዬ ፒያኖ መደብደብ ከጀመረ ወዲህ ጅቡም ከእንጦጦ መውረድ ተወ» ይላሉ። ግን ሙሴ ሲጫወቱ ሬዲዮናቸውን ይዘጋሉ። አይቻለሁ።

የካቲት 16፣ እሁድ

የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል፣ እንጦጦ። መንገዱ በነጠላ ነጭ ሆኖ፣ ባሕር ዛፉ መሐል እየተጋፋን ወጣን። ሰንበት ትምህርት ቤታችን ዘመረ። መቅደላዊት የኛን ረድፍ ነው የምትመራው። ስንጨርስ ሁሉም ፊት «ማዕዶት፣ ዛሬም አፍሽን ብቻ ነው ያንቀሳቀስሽው። ዓሣ ነው የምትመስዪው» አለችኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እውነቷን ነው። ድምፄ አንገቴ ጋ ይደርስና ይመለሳል።

ከሰዓት ማዳም ኤሊዝ ደወሉ። የመጨረሻውን ዘፈን ግማሹን ተለማመዱ። ሲሰነባበቱ አንድ ነገር ጠየቋቸው፣ ሙሴም መለሱ፣ ሁለቱም ሳቁ። «ምን አሉ?» አልኳቸው። «መቼ ትጨርሰዋለህ አለችኝ። ነገ አልኳት።»

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ወረቀት ሳሰምር የመጀመሪያ ኦፔራቸውን ነገሩኝ።

አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ጠጋኝ ነበሩ። መሣሪያው ቤት ያክላል፤ ሙሴ ልጅ ሆነው ውስጡ ይገቡ ነበር፣ አቧራውን ለመጥረግ። «ሙዚቃን የማውቀው ከሆዱ ነው» ይላሉ። በሃያ ስድስት ዓመታቸው የጻፉት ሰው በጀልባ ወንዝ ስለሚያሻግር አባትና ስለ ልጁ ነው። ልጅቱ ማዶ ያለ ሰው ወድዳ በየማታው ከዳር ሆና ትጣራለች። ልጅቱን ሆነው የዘፈኑት ማዳም ኤሊዝ ናቸው፤ ያኔ ገና ወጣት። በመጀመሪያው ምሽት ጀልባው መድረክ ላይ ተሰበረ። ሰው ሳቀ። ከዚያ እየተነሳ መውጣት ጀመረ። ማዳም ኤሊዝ ወንዝ የተባለው ሰማያዊ ጨርቅ ላይ እንደቆሙ እስከ መጨረሻው ዘፈኑ።

«ለማን?» አልኩ።

«ለወንበሮቹ። እኔም መጋረጃ ጀርባ ነበርኩ።»

ሁለተኛው ኦፔራቸው ታዋቂ አደረጋቸው። እሱን ግን አይወዱትም። ሰው የሚወደውን ቆጥሬ የጻፍኩት ነው ይላሉ። ተጋቡ፣ አዲስ አበባ መጡ። ማዳም ኤሊዝ አንድ ክረምት ቆዩ። በዚህ ብርድና ጭጋግ ድምፃቸው እምቢ አለ፤ ተመለሱ። ሙሴ እከተልሻለሁ ብለው ነበር። ማዳም ኤሊዝ መድረክ በተሰናበቱበት ምሽት እንኳ እመጣለሁ ብለው አልሄዱም። የተማሪዎች ፈተና ነበር አሉ። ማርከሩን ከድነው «ፈተናውን ሌላ ሰው ሊፈትን ይችል ነበር» አሉ።

አሁን የሚጽፉት የዚያችኑ ልጅ እርጅና ነው። አሮጊት ሆና ወደ ወንዙ ትመለሳለች፣ ትጣራለች። «ድምፅ ሲያረጅ እንጨት ይሆናል። የምጽፈው ለእንጨቱ ነው» አሉ። ይቅርታ መጠየቂያቸው ይመስለኛል። አልጠየቅኳቸውም።

የካቲት 23፣ እሁድ

አልደወሉም። ሙሴ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከረባት አስረው ተቀምጠው ነበር። ደወልኩ፣ ይጠራል፣ ማንም አያነሳም።

«ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይሆናል» አልኩ።

«ኤሊዝ? ኤሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከገባች ጣሪያውን እዩልኝ» አሉ። ከረባቱን ግን እስከ ራት አልፈቱም።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ጠዋት ስልክ። ሙሴ ገላቸውን እየታጠቡ ነበር። ሴት ናት። በእንግሊዝኛ። ሶላንዥ እባላለሁ፣ የኤሊዝ የእህት ልጅ ነኝ። ቀስ ብላ ተናገረች፣ እንዲገባኝ። ኤሊዝ ሞተች። ቅዳሜ። ቀብር ሐሙስ። ገባሽ? ገባኝ አልኩ። ሌላም ነገር ተናግራለች። የኔ እንግሊዝኛ የስምንተኛ ክፍል ነው።

ሙሴ ከውስጥ «ማነው?» አሉ። «ተሳስተው ነው» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ቀድሞ ወጣ።

ማታ

ለአክስቴ ነገርኳት። ያልታጠበ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ በሩን ዘጋችና «ለሙሴ ትንፍሽ እንዳትዪ» አለች።

«እንዴት እትዬ?»

«ሰው በስልክ አይረዳም። ብቻውንም አይረዳም። ልቡ የደከመ ሰው እስኪያገግም ይጠበቃል። ከዚያ ወገን ተሰብስቦ፣ በጠዋት፣ ቀስ ተብሎ ይረዳል። ሆስፒታል መልሰሽ ልትከቻቸው ነው?»

ሙሴ እዚህ ያላቸው ወገን ጋሽ አምሃ ናቸው። ጋሽ አምሃ ደግሞ ሥልጠና ላይ ናቸው፣ ሐዋሳ። እስኪመለሱ ይቆይ አለች።

«የነሱ አገር እንዲህ ነው ወይ?»

«የነሱን አገር ተይው። ሰውየው ያለው እኛ እጅ ነው።»

ኔትወርክ የለም በያቸው አለችኝ። እኔ ግን የስልኩን የአውሮፕላን ምልክት ነካሁ። እሷ ከተነካች ስልኩ አይደውልም፣ አይደወልለትም። ይህን አክስቴ አላዘዘችኝም። አክስቴ ምልክቷን አታውቃትም።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

«ኔትወርክ የለም» አልኳቸው።

«አርባ ዓመት ሙሉ የለም» አሉ። ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ምንም አልጠረጠሩም። ይህ ነው የከፋኝ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ዛሬ ቀብር ነው። ሙሴ ቀኑን ሙሉ እየጻፉ። ደስ ብሏቸዋል። ሁለት ጊዜ ኔትወርክ መጣ ወይ አሉኝ። አልመጣም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ወረቀት ሰጡኝ፣ ለጠፍኩት። «አለቀ። እሁድ አሰማታለሁ።» ጓሮ ሄጄ የታጠበ ልብስ ደግሜ አጠብኩ።

የካቲት 30፣ እሁድ

ዛሬ የሆነውን በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ሙሴ ከረባታቸውን አስረው ፒያኖው ጋ ተቀመጡ። ኔትወርክ የለም አልኳቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ «እንግዲህ አንቺ ትዘፍኚዋለሽ» አሉ።

«እኔ? አልችልም።»

«ከመጋረጃው ጀርባ ስትሰሚ ዓመት አለፈሽ። ጀርባዬን እንጂ ጆሮዬን አልሰጠሁሽም። እዚያው መጋረጃሽ ጀርባ ሁኚና ዝፈኚ።»

ያውቁ ኖሯል።

ዘፈንኩ። ቃሉን ስለማላውቅ ላ፣ ላ እያልኩ። ድምፄ አንገቴ ጋ ደረሰ፣ እንደሚመለስ ጠብቄ ነበር፣ አልተመለሰም። የማዳም ኤሊዝ መንገድ ነው፣ ዓመት ሙሉ የሰማሁት፤ እግሬ የለመደው ዳገት ይመስል ሄድኩበት። ስጨርስ ሙሴ አንድ ቦታ በአንድ ጣት ነኩልኝ። ቀጥሎ «እዚህች ጋ ኤሊዝ ትንፋሽ ትወስዳለች። ከመጣራቷ በፊት። አንቺም ውሰጂ» አሉኝ። ደገምነው። ደግመን ደገምነው። ቦታው ላይ አሮጊቷ ምን እንደምትል ጠየቅኳቸው። «ማዶ ማን አለ? ነው የምትለው። ሌላ ቃል የላትም።»

አክስቴ በኋላ ወጥ ቤት «ማን ሴትዮ መጣች ብዬ ደነገጥኩ እኮ» አለችኝ።

ደስ ብሎኛል። ይኸው ጻፍኩት።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

አሁን በየቀኑ ነው። ሙሴ ተሽሏቸዋል፣ ይበላሉ፣ ጉንጫቸው ቀላ። «እንደ ወጣት አትሩጪ። አሮጊቷን ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ለማንም አትነግርም» ይሉኛል። ጋሽ ኢዶሳ በር ላይ አግኝተውኝ «አንቺ ልጅ፣ የመንግሥት ሬዲዮ ሳይወስድሽ በፊት የበሩን ቁልፍ መልሺልኝ» አሉ።

ዛሬ አንዷን ኖታ ከፍ አደረጓት። «ለኤሊዝ ትከብዳታለች። ላንቺ ግን ታምራለች። ኤሊዝ ስትደውል አወርዳታለሁ» አሉ። ማርከሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

መጋቢት 7፣ እሁድ

እንጦጦ። ዘመርኩ። ድምፅ አውጥቼ። መቅደላዊት ዞር አለች፣ ከዚያ መሪነቷን ረስታ ቆመች። ስንወጣ ክንዴን ይዛ «ከየት አመጣሽው ይሄን ድምፅ? የሰው ነው እንዴ?» አለችኝ። እየቀለደች ነው። ሁሉም እየሳቁ ወደ ታች ወረዱ። እኔ ጫማዬን የማስር መስዬ ወደ ኋላ ቀረሁ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ፣ ማታ

እንቅልፍ የለም።

እናቴ የሞተች ጊዜ ሰንዳፋ አጎቴ ጋ ነበርኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ሆስፒታል መግባቷን አውቃለሁ። አንድ ቀን የአጎቴ ሚስት ያለ ምክንያት ከረሜላ ገዛችልኝ። ሰዎች ይመጣሉ፣ ያዩኛል፣ ፀጉሬን ይዳስሳሉ፣ ይሄዳሉ። እኔ ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ እዘል ነበር። ያን ቀን ሳልሳሳት ብዙ ዘለልኩ፣ ልጆቹ እየቆጠሩ ጮሁልኝ። በማግስቱ ሳይነጋ ቀሰቀሱኝ፣ ቤቱ ሰው ሞልቷል። የተቀበረችው ትናንት ነው አሉኝ።

እናቴ አፈር ስትገባ እኔ እየዘለልኩ ነበር። መሞቷን ከብዙ ጊዜ በኋላ ተቀበልኩት። ገመዱን አልተቀበልኩትም።

ያኔ ልጅቷ ትቆይ፣ ትንሽ ትጫወት ያለችው አክስቴ ናት። ለኔ ብላ ነው። አሁንም ለሙሴ ብላ ነው። አክስቴ ሁልጊዜ ለሰው ብላ ነው።

እኔ ለማን ብዬ እንደሆነ ልጽፍ ነበር። ነገ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ጋሽ አምሃ ከሐዋሳ ተመለሱ። አክስቴ ወጥ ቤት አስገብታ ነገረቻቸው። ቦርሳቸውን እንደያዙ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

«እስካሁን? ብዙነሽ፣ እስካሁን?»

«እርስዎ አልነበሩም። በማን አፍ ይነገር?»

«ነገ ጠዋት ይነገራቸዋል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አብረሻቸው የምትውዪው አንቺ ነሽ። እንዴት ናቸው? ይችሉታል?»

ሙሴ ሳሎን የኔን ዘፈን እየተጫወቱ ነበር። የማዳም ኤሊዝን ዘፈን።

«ማታ ማታ ያስላቸዋል» አልኩ።

አክስቴ አየችኝ። እሷ ሳል አልሰማችም። ግን ሳል ከተባለ ሳል ነው፤ ፈራች። ጋሽ አምሃም ግንባራቸውን አሻሹና «እንግዲያው አንድ ሳምንት እንያቸው» አሉ።

ዋሽቼ አይደለም። አንድ ማታ በእርግጥ ስለዋል። ስቀው ይሁን ታመው አላጣራሁም።

በኋላ ጋሽ አምሃ ከግድግዳው ሲያነቡ ያቺ ከፍ ያለች ኖታ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ሙሴ፣ ይህ ለኤሊዝ አይደለም። ለማን ነው?» አሉ። ሙሴ ፈገግ አሉ። ጋሽ አምሃ ወደ መጋረጃው አዩ። እኔ አልነበርኩም፣ ማለት ነበርኩ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ሙሴ ዛሬ አልተጫወቱም። በረንዳ ላይ ጋሽ ኢዶሳን ሲያዋሩ ሰማሁ።

«ኢዶሳ፣ ታች ወርደን ከሱቅ ስልክ ብንደውልስ? የሰው ስልክ ሁሉ እየሠራ የኔ ብቻ አይሠራም።»

ጋሽ ኢዶሳ ሁሉንም ያውቃሉ። አክስቴ ነግራቸዋለች። «እግሬን እያመመኝ ነው ሙሴ። ነገ ተነገ ወዲያ እንወርዳለን» አሉ። ድምፃቸው የሳቸው አልመስል አለኝ።

«ኤሊዝ ተቀይማኛለች» አሉ ሙሴ። «መቼ ትጨርሳለህ ስትለኝ ነገ አልኳት። ዕድሜዋን ሙሉ ነገ ስላት ነበር። አሁን ሰለቻት። መጥራት ተወች።»

መሄድ ነበረብኝ። ወጥቼ አልተቀየሙም ማለት። ሦስት እርምጃ ነው። ጆንያ ሙሉ ከሰል የያዝኩ ይመስል እዚያው ቆምኩ።

ስልኩን ወስጄ አውሮፕላኗን አጠፋኋት። መልእክት በላይ በላዩ ገባ፣ እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሁሉም ከሶላንዥ። መልሼ አበራኋት።

ሶላንዥ ያኔ ጠዋት የተናገረችው ሌላ ነገር። ሶንግ ብላለች። ሐሙስ ብላለች። ፕሊዝ ብላለች፣ ደጋግማ። እንዳልገባኝ ጽፌ ነበር። እንዳልገባኝም አልጻፍኩም፣ እንግሊዝኛዬ የስምንተኛ ክፍል ነው ብዬ ነው የጻፍኩት። ስምንተኛ ክፍል ሶንግ ምን እንደሆነ ያስተምራሉ።

ለጋሽ አምሃ በአክስቴ ስልክ ደወልኩ። «አያስላቸውም» አልኩ። «ማንን?» አሉ። «ሙሴን። አያስላቸውም ጋሼ። ይንገሯቸው።»

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ተረዱ።

ሳይነጋ ሰው መጣ። ጋሽ አምሃና ባለቤታቸው፣ የድሮ ተማሪዎች፣ ጎረቤት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ሳይናገር ሳሎን ገብቶ ቆመ። ጋሽ አምሃ መኝታ ቤቱን ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ በሩ ተከፈተ። ሙሴ ጋቢ ለብሰዋል። አያዩም፣ ግን ጆሯቸውን ወደ ሳሎኑ አዘነበሉ። የእግር ኮቴ፣ ትንፋሽ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ዝምታ። አርባ ዓመት እዚህ ኖረዋል፤ ስንት ቤት በንጋት ሄደው እንዲህ ቆመዋል።

«ኤሊዝ ናት?» አሉ።

ጋሽ አምሃ ሊናገሩ የተዘጋጁትን ሁሉ ትተው አቀፏቸው። ሴቶቹ አለቀሱ። አክስቴ ደረቷን መታች፣ እውነቷን፣ ማዳም ኤሊዝን በዚያ አንድ ክረምት አብስላ አብልታቸዋለች። ሙሴ ግን አላለቀሱም። «መቼ?» አሉ።

ጋሽ አምሃ ወደ አክስቴ አዩ።

«መቼ ነው አምሃ?»

ነገሯቸው። ሙሴ ወንበር ፈልገው በእጃቸው እየዳሰሱ ተቀመጡ። ልባቸው አልቆመም። ያን ሁሉ የፈራንለት ልብ አልቆመም።

ሶላንዥ ጋ ደውሉልኝ አሉ። ጋሽ አምሃ በራሳቸው ስልክ ደወሉ፣ ድምፁን ከፍ አደረጉት። በፈረንሳይኛ ረጅም ተነጋገሩ። እኔ የገባኝ ኤሊዝ የሚለው ብቻ ነው። ሙሴ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ፤ የት እንደቆምኩ ያውቃሉ።

«ማዕዶት። ዘፈኑን ጠይቃሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ለቀብር?»

«አዎ።»

«ገብቶሽ ነበር?»

አክስቴ ገባችበት። «ልጅቱ ምን ታድርግ ሙሴ፣ ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። ለርስዎ ብዬ፣ እንዳይደነግጡብኝ…»

«ብዙነሽ፣ አንቺን ገብቶኛል» አሉ በቀስታ። ፊታቸው ግን እኔ ጋ ነው።

«ገብቶኝ ነበር» አልኩ። ቤቱ ሙሉ ሰው ሰማ።

በኋላ ጋሽ አምሃ ወጥ ቤት ነገሩኝ። ማዳም ኤሊዝ ከመሞታቸው በፊት «አርማን የሚጽፈው ሲያልቅ መቃብሬ ላይ አሰሙኝ» ብለው ኖሯል። አርማን የሙሴ ስም ነው። ሐሙስ ዕለት ሰዎቹ መቃብሩ ዳር ስልክ ይዘው ቆመው ጠብቀዋል፣ ዘፈኑ ከአዲስ አበባ በስልክ ይመጣል ተብሎ። ቆይተው፣ ቆይተው፣ ቀበሯቸው።

ያ ሐሙስ ዘፈኑ ያለቀበት ቀን ነው። እኔ ራሴ ነኝ የለጠፍኩት።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ሰው መምጣት ቀነሰ። ሙሴ ሻይ ይጠጣሉ። አመሰግናለሁ ይሉኛል። ሌላ ቃል የለም።

ዛሬ ኩባያውን ሳነሳ «ቁጭ በይ» አሉ። ቁጭ አልኩ።

«አልተቆጣሁሽም። ልነግርሽ የምፈልገው ሌላ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ኤሊዝን መስማት ስፈልግ ፒያኖ አያስፈልገኝም ነበር። ጸጥ ካልኩ ትመጣ ነበር። ትናንት ማታ ጸጥ አልኩ።» እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «የመጣሽው አንቺ ነሽ።»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ድምፄ አንገቴ ጋ ደርሶ ተመለሰ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ለአክስቴ ልሂድ አልኳት፣ እንጦጦ ዘመዶቻችን ጋ። «የትም አትሄጂም። አጥፍቶ መሸሽ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ሻያቸውን ማን ይሰጣቸዋል?» አለች። ቀጥላ «እኔም አጥፍቻለሁ። ግን ዛሬም ቢሆን በስልክ አላረዳም» አለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ድስት ስታጥብ ቆየች። የታጠበ ድስት ነው።

መጋቢት 28፣ እሁድ

እንጦጦ። አፌን ብቻ አንቀሳቀስኩ። መቅደላዊት አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ስንወርድ አጠገቤ ሆና ሄደች።

አሥር ሰዓት ላይ ሙሴ ከረባት አላሰሩም።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ዛሬ የማዳም ኤሊዝ አርባ ነው። ሳምንቱን አክስቴ «አርባቸው ሳይታሰብ አይለፍ» ስትል ነበር። ሙሴ «በኛ አገር አርባ የለም» አሏት። «እዚህ አለ» አለች። ሙሴ «ይሁን» አሉ። ከዚያ ጋሽ አምሃን ጠርተው ያቺን ከፍ ያለች ኖታ ወደ ድሮ ቦታዋ አስወረዷት። ማርከሩን ያቀበሉት ጋሽ አምሃ ናቸው።

ከሰዓት ሳሎን ተሰበሰብን። ጋሽ አምሃ፣ አክስቴ፣ ጋሽ ኢዶሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ። ሙሴ ከረባት አስረዋል። «ደውዪ» አሉኝ። ደወልኩ። ሶላንዥ መቃብሩ ጋ ቆማ ነበር። ነፋስ ይሰማል፣ አንድ ወፍ፣ ራቅ ብሎ መኪና። ስልኩን ፒያኖው ላይ አስቀመጥኩ፣ ድምፁን ከፍ አደረግኩ፣ ወጣሁ። መጋረጃው ጀርባ ቆምኩ።

ተጫወቱ። የፒያኖውን ክፍል ብቻ። ድምፅ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ከሥሩ ያለውን ቀስ ብለው እየነኩ ባዶውን አሳለፉት፣ ሰው እየዘፈነበት ይመስል፣ ሳይቸኩሉ። ሁሉንም አውቀዋለሁ። እያንዳንዷን። አክስቴ ወደ መጋረጃው ዞራ አየች፤ ዝፈኚ እንጂ የምትል መሰለኝ።

ማዳም ኤሊዝ ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ ደረሰ። ሙሴ እጃቸውን አንስተው ጠበቁ። እኔም ትንፋሽ ወሰድኩ፤ ለምዶብኝ ነው። ማዶ ማን አለ የሚለው መጣ። አፌን ከደንኩ። ከስልኩ ነፋሱ ብቻ ተሰማ። ሙሴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

ሲያልቅ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሶላንዥ አንድ ቃል ተናገረች፣ ሙሴ አንድ ቃል መለሱ።

«ማዕዶት» አሉኝ። «አሁን ስልኩን ዝጊው።»

ዘጋሁት።